ሽንኩርት የሚያበሰብሰው ጀርም

የጡረታ ወረቀቴን ልወስድ የሄድኩ ዕለት የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ «ጋሽ ታደሰ፣ እንግዲህ ምን ይሰማዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «የሕፃን ልቅሶ» አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው እንጂ እውነቴን ነበር። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ገበያ መሐል እንኳ ሕፃን ሲያለቅስ ቆሜ አዳምጣለሁ። ይኼ የረሃብ ነው፣ ይኼ እቀፉኝ ነው፣ ይኼኛው ግን ሐኪም ይይልኝ ነው እያልኩ በልቤ እለያለሁ። ባለቤቴ ዘንቢሏን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ ትጎትተኛለች። «አንተ ሰው፣ ጡረታ ወጥተሃል እኮ!» ትለኛለች።

ነርስ ነበርኩ። የሥራ ዘመኔ ያለቀው ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ነው። ባኮ ላይ፣ ሙቀቱ ሸሚዝ ሲያስወልቅ ወባው ደግሞ ብርድ ልብስ ሲያስደርብ፣ ጉልምስናዬን ጨረስኩ። የባኮው አለቃዬ ጓንት ቆጥሮ ሰጥቶ ጓንት ቆጥሮ የሚረከብ ሰው ነበር። ጥጥ ወድቆ ካየ ፊቱ ይጠቁራል። ያኔ ስናማው እንውል ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን በሌለ ዕቃ መሥራትን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ አመሰግነዋለሁ። ከባኮ ወደ ጊንጪ ተዛወርኩ። ጊንጪን ብዙ ሰው የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ እኔ ግን ስንቱን ልጇን ገና ሳይታጠብ አውቄዋለሁ። ስለ ደመወዝ ደግሞ ወሩ ሳያልቅ እሱ ያልቅ ነበር ብል ይበቃል።

በመጨረሻ ወደ ተወለድኩባት አምቦ ተመለስኩ። ከዛሬ ዐሥር ዓመት ገደማ በፊት ነው። የገባሁበት ሆስፒታል ለአራስ ሕፃናት የተለየ ክፍል ከፍቶ ነበርና እዚያ መደቡኝ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ የማወራው ነገር የትም ሊደርስ ይችል ነበር። ያለ ቀናቸው የተወለዱ፣ መጥባት ያቃታቸው፣ ትንፋሽ ያጠራቸው ሁሉ ወደዚያ ይመጣሉ። ሽበታም ወንድ ነርስ አራስ ክፍል ውስጥ ሲያዩ እናቶቹ ይደነግጡ ነበር። አንዲት የጉደር ሴት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ኦቦ፣ እርስዎ ደግሞ ስንት ወልደዋል?» አለችኝ። «አምስት» አልኳት፤ «ምጡ ግን የባለቤቴ ነው።» ከዚያ ወዲያ ለመዱኝ።

ሥራውን ያስተማረችኝ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ ሲስተር ቶለሺ። የጊንጪ ተወላጅ ናት። ስለ አራስ ሕፃናት አዲስ አበባ ተምራ መጥታ ክፍሉን የምትመራው እሷ ነበረች። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ እሷ ሕፃን ስታባብል መዝሙር ታንጎራጉራለች፣ እኔ ጾም ሲገባ ረሃቤን አማርራለሁ። «ጋሽ ታዴ፣ ጾሙ ለእግዜር ከሆነ እዬዬው ለምን ለእኛ ይሆናል?» ትለኝ ነበር።

ልማዶቿ አይረሱኝም። ሕፃን ከመንካቷ በፊት «እጄ ነው፣ አትደንግጥ» ትለዋለች፤ እንደሚሰማት ትልቅ ሰው። አንዲት አጭር በርጩማ ነበረቻት። ነገር ሲጠፋባት በርጩማዋን ሕፃኑ አልጋ አጠገብ ታደርግና ትቀመጣለች። ዓይኗ ሕፃኑ ላይ ሳይሆን ሕፃኑን በሚነካው ነገር ላይ ነው፤ የማን እጅ መጣ፣ ከየት መጣ፣ ምን ይዞ መጣ። ሌላው ልማዷ ግን ለእኔ ከብዶኝ ነበር። ወላጅ ሲጠይቃት መልሱን ካላወቀች «አላውቅም» ትላለች።

እኔ የድሮ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ ጋዋን የለበሰ ሰው «አላውቅም» ካለ ገበያ መሐል ሱሪው እንደወለቀ ይቆጠር ነበር። «አይዞሽ፣ ይድናል» ማለት ከመርፌ በፊት የሚሰጥ መድኃኒት ነበር። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን «ቶሊ፣ ሰው ተስፋ ታስቆርጫለሽ» አልኳት። «የማላውቀውን አውቃለሁ ካልኩ፣ ጋሽ ታዴ፣ የማውቀውን የተናገርኩ ቀን ማን ያምነኛል?» አለችኝ። ቢሆንም አልተዋጠልኝም።

እኔን ያስከበረኝ ደም ሥር ማግኘት ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ደም ሥሩ ከክር ይቀጥናል፤ በጉልበት አይገኝም። እግሩን በመዳፍ ይዞ ማሞቅ፣ መብራቱን ከጎን ማድረግ፣ ቆዳውን በጥጥ ጠርጎ መታገሥ፣ ከዚያ መርፌውን አስተኝቶ ቀስ እያሉ ማስገባት ነው። ደም ብቅ እስኪል ትንፋሽህን ትውጣለህ። ሌሎቹ ሲያቅታቸው «ጋሽ ታዴን ጥሩ» ይባላል። ሻይ እየጠጣሁ ከሆነ ሻዬ ይቀዘቅዛል፤ ግን ልዋሽ አልችልም፣ ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አምቦ ክረምት ሲገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የቆዳ ማጽጃ መድኃኒት የነካው ቀዝቃዛ ጥጥ ሲያርፍባቸው ሕፃናቱ ይንሰፈሰፋሉ፤ ደም ሥራቸውም ጥፍት ይላል። ስለዚህ ክፍላችን አንድ ልማድ አበጀ። ጥጡን ክዳን ባለው የብረት ጣሳ ውስጥ እናደርጋለን፤ ማጽጃውን ከፔርሙዝ በቀዳነው ለብ ያለ ውሃ አቅጥነን እናፈስበታለን። ጥጡ ሞቅ ይላል፣ ሕፃኑም አይደነግጥም። ፔርሙዙን የገዛነው አዋጥተን ነው። ጣሳው ጎደል ሲል እንሞላዋለን። ባዶ ሆኖ አያውቅም። እናቶቻችን ዕቃ ባዶ አያሳድሩም፤ የቡኮ ዕቃ ውስጥ እንኳ ለእርሾ የሚሆን ያስቀራሉ። በዚህ ላይ እኛ ጓንት ተቆጥሮ በሚሰጥበት ቤት ያደግን ሰዎች ነን፤ ደህና ጥጥ ማን ይደፋል?

ወሬው ሩቅ ደረሰ። «አምቦ ሕፃን ሲወጋ አያለቅስም» ይሉ ጀመር እናቶች። ከጉደርም ከባኮም የመጡት ይህን ሰምተው ይመርቁናል። እኛም ምርቃቱን ተቀበልን።

በዚያው ክረምት ነገር ተበላሸ። ክብደት መጨመር ጀመሩ፣ ሰሞኑን ቤታቸው ይገባሉ ያልናቸው ሕፃናት መጥባት ያቆማሉ። ቆዳቸው ይዥጎረጎራል፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል። የለመድነውን መድኃኒት ብንሰጥ ውሃ እንደሰጠን ሆነ። ሁለት ሕፃናት ሞቱብን፤ አንዱ ከጊንጪ፣ ሌላው ከባኮ የመጡ። ወጣቱ ሐኪማችን ዶክተር ናኦል ከታመሙት ደም እያስወሰደ ወደ አዲስ አበባ ላከ፤ እኛ ዘንድ ደም ውስጥ ያለውን ጀርም አብቅሎ የሚለይ ላቦራቶሪ አልነበረም። ያ ደግሞ መንገድ በየጊዜው የሚዘጋበት ሰሞን ነው። የአምቡላንሱ ሾፌር ጊንጪ ላይ ድንጋይ የደረደሩትን ወጣቶች «የያዝኩት የሕፃን ደም ነው፤ ከፈለጋችሁ እዩት» ብሎ አሳይቷቸው፣ ድንጋዩን ራሳቸው አንሥተው አሳለፉት። እነሱንም አመሰግናለሁ፤ ፊታቸውን እንኳ አላውቀውም።

ኦቦ ለሚና ባለቤቱ ድንቄ መንታ ይዘው የመጡት በዚህ መሐል ነው። ኦቦ ለሚ ጉደር ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው። ልጆቹ አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት፣ ሁለቱም ያለ ቀናቸው ተወልደው መዳፍ የማይሞሉ ነበሩ። ድንቄ በወሊድ ብዙ ደም ስለፈሰሳት በሴቶች ክፍል ተኝታ ቀና ማለት አቅቷታል። እንዲህ ያለ ሕፃን የሚያስፈልገው ሙቀት ደግሞ የሰው ገላ ነው፤ ራቁቱን ደረት ላይ ተለጥፎ መዋል አለበት። አባትዬው ሸሚዙን አወለቀና በየተራ ያቅፋቸው ጀመር። ጠዋት ጠዋት ጎተራው ውስጥ ክረምቱ ያበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው ለይቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ በሚኒባስ ይመጣል። «አካም ቡልተኒ!» ብሎ ሁላችንንም ሰላም ይላል፤ ከዚያ እስኪመሽ ደረቱ አይለቀቅም። «ይኼ ሸክም ከሽንኩርት ይቀላል» ይለን ነበር እየሳቀ።

ሴቷ ታመመች። ጠዋት ደህና ጠብታ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ከንፈሯ ጠቆረ። ደም ሥሯ ጠፋብኝ። እጇ ላይ ፈለግሁ፣ እግሯ ላይ ፈለግሁ፣ በመጨረሻ ራሷ ላይ አገኘሁ። በፈለግሁበት ቦታ ሁሉ እንዳይመረቅዝባት ብዬ በሞቀው ጥጥ አጥብቄ ጠረግኋት። ቶለሺ በእጅ በሚጨመቀው ፊኛ ትንፋሿን ታግዛለች፤ ዶክተር ናኦል መድኃኒት ይጨምራል። ቆዳዋ ከእጄ ሥር ሲቀዘቅዝ ይታወቀኛል። ከሰዓት በኋላ ልቧ ቆመ። ኦቦ ለሚ ወንዱን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ከጎናችን ቆሞ ነበር። አላለቀሰም። ጎንበስ ብሎ ግንባሯን በአንድ ጣቱ ነካት። ስም እንኳ አልወጣላትም ነበር።

ብዙ ሞት አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ቤቴ ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። የምናውቀውን ሁሉ አድርገን፣ ማንም ሳይሰንፍ፣ ማንም ሳይዘገይ ነው የሞተችው። ሰንፈን ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ነገ መትጋት ይቻላል። ተግተህ ሲሞትብህ ነገ ምን ታደርጋለህ?

የደሙ ውጤት የደረሰው እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው። ዶክተር ናኦል ስልኩን ዘግቶ እኔና ቶለሺ ወደቆምንበት መጣ። «አራስ ልጅ ላይ እምብዛም የማይገኝ ጀርም ነው» አለን። «ውሃና እርጥበት ውስጥ ነው የሚኖረው። መጀመሪያ የታወቀው እንዲያውም ሽንኩርት በማበስበስ ነው አሉኝ። የምንሰጠው መድኃኒት አይነካውም። የሚነካውን እንዲልኩልኝ ነግሬያለሁ።»

ኦቦ ለሚ ከኋላችን ወንበር ላይ ወንዱን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር።

«ሽንኩርት ነው ያልከው፣ ዶክተር?» አለ። ሁለት እጁን አየ። «ክረምቱን ሙሉ የበሰበሰ ስለቅም ነው የከረምኩት። ከዚያ መጥቼ አቀፍኳት። እኔ ነኝ?»

«ኧረ በፍጹም! አንተ አይደለህም!» ብዬ ጮህኩ። ከየት አውቄ እንደሆነ አትጠይቁኝ። እሱ ግን እኔን ትቶ ቶለሺን ነበር የሚያየው።

«ሲስተር፣ እኔ ነኝ?»

«አላውቅም፣ ኦቦ ለሚ» አለችው። «ያወቅሁ ዕለት ግን እኔ ራሴ እነግርዎታለሁ።»

ልጁን ከደረቱ ቀስ ብሎ አላቀቀና ማሞቂያው ላይ አስተኛው። ሸሚዙን ለበሰ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በር ድረስ ሄደና እዚያ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን አልነካ አለ። ለመንነው፤ እጁን በሳሙና አሳጠብነው፤ አልሆነም። ውጭ መስኮቱ ሥር ቆሞ በመስተዋት ያየው ነበር። ቧንቧው ዘንድ ባየሁት ቁጥር እጁን ይፈትጋል፤ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ነበር።

በቶለሺ ላይ ጨስኩ። «ምን አለበት አይደሉም ብትዪው? ምላስሽ ይቆረጥ ነበር?» አልኳት። «እሱ ቢሆንስ?» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን አዞረች፤ እያለቀሰች እንደሆነ ከትከሻዋ አወቅሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

በዚያው ሰሞን ወንዱም መጥባት ቀነሰ፤ ሰውነቱ ይቀዘቅዝ ጀመር። አዲሱ መድኃኒት ደርሶ ተጀመረለት። ዶክተር ናኦል መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፣ ደረት ይፈልጋል አለ። እናቱ አትችልም፣ አባቱ እምቢ ብሏል። እኔ ነኝ ያለ ሽማግሌ ሸሚዜን ፈታሁና አቀፍኩት። እናቶቹ የደረቴን ሽበት አይተው በኀዘን መሐል ሳቁብኝ። ነገር ግን እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ ሌላ ሕፃን ሲያቅተው መነሣት አለብኝ። በተነሣሁ ቁጥር ልጁ ይቀዘቅዛል። በመስኮቱ አባቱን አየዋለሁ፤ እሱም ያየኛል።

ቶለሺ በርጩማዋን አውጥታ ተቀመጠች። የመጣ የሄደውን እጅ ሁሉ ስታይ ዋለች። እናት ስታጠባ አየች፤ ጽዳት ሲጸዳ አየች፤ የኦክስጅኑን ቱቦ አየች። እኔ አንዱ ሕፃን እግር ላይ ደም ሥር ልፈልግ ከጣሳው ጥጥ ጨልፌ ስመጣ «ጋሽ ታዴ፣ እስቲ እሷን ጥጥ አስቀምጧት» አለችኝ።

አስቀመጥኩ። ጣሳውን አነሣች፤ ከፍታ አየችው።

«ይኼ ዕቃ ለመጨረሻ ጊዜ ታጥቦ የደረቀው መቼ ነው?»

ማንም አያውቅም ነበር። ክረምት ከገባ ጀምሮ በአሮጌው ላይ አዲስ እያፈሰስን፣ ለብ እያደረግን፣ እንደ እርሾ አቆይተነዋል። ዶክተር ናኦል ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። ይህ ጀርም በቀጠነ ማጽጃ ውስጥ ሳይሞት ሊኖር ከሚችሉት አንዱ ነው አለን። ከጥጡም ከፔርሙዙም ናሙና ተወስዶ ተላከ። ጣሳው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተነሣ፤ ጥጡ ሳይሞቅ በየጊዜው አዲስ እየተዘጋጀ ትርፉ ይደፋ ጀመር። ሕፃናቱ እንደገና ሲወጉ አለቀሱ። አዲስ የሚታመም ግን ቀረ።

ናሙናው ተመርምሮ ውጤቱ መጣ። ያው ጀርም ነው።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው ጠራን። ክፉ ሰው አልነበረም። «እንግዲህ ተገኘ፣ ተስተካከለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «ሰውዬውም የሽንኩርት ነው ብሎ ተቀብሎታል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ይኼ ነገር ከወጣ ነገ ሴቱ ሁሉ ቤቱ መውለድ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሚሞተውን ማን ይቆጥረዋል?» ያለው ውሸት አልነበረም። እኔ እንዲያውም ልቤ ወደ እሱ አዘንብሎ ነበር። ቶለሺ ግን «ሳውቅ እነግርዎታለሁ ብዬዋለሁ» አለች። «አሁን አውቄያለሁ።» ሌላ ክርክር አላነሣችም። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልል ቆይቶ «ሂጂ በቃ» አላት።

ኦቦ ለሚን ከመስኮቱ ሥር ጠርተን አስገባነው። በርጩማዋን ለእሱ ሰጥታ እሷ ከፊቱ ቁጢጥ አለች፤ እኔ ወንዱን ታቅፌ አጠገቧ ቆምኩ።

«ኦቦ ለሚ፣ ጀርሙ የነበረው እኛ ጣሳ ውስጥ ነው» አለችው። «መርፌ ከመውጋታችን በፊት በምንጠርግበት ጥጥ ውስጥ። የገባባት በእኛ እጅ ነው። በእርስዎ እጅ አይደለም።»

«በእናንተ?»

«በእኛ።»

«እኔ አይደለሁም?»

«አይደሉም።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ያን ቀንም አይደለህም ብለኸኝ ነበር። አላመንኩህም» አለኝ። ከዚያ እሷን አየ። «እሷ አላውቅም ብላኝ ነበር።» ተነሥቶ ወጣ።

ዘመዶቹን ሊጠራ ነው፣ ፖሊስ ጋ ሊሄድ ነው ብዬ ፈራሁ። ቢሄድም አልፈርድበትም ነበር። ሲመለስ ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሸሚዙን ፈትቷል።

«የልጄን ነገር ይቅር አላልኳችሁም። ገና ነው» አለ። «ወንዱን ግን ስጡኝ።»

ልጁን ከደረቴ አንሥቼ ደረቱ ላይ አደረግሁለት። እነዚያ የተሰነጣጠቁ እጆች የልጁን ጀርባ ሸፈኑት። ቶለሺ የሆነ መዝሙር ጀምራ መጨረስ አቃታት።

ያ ልጅ ድኗል። ዛሬ ጉደር ትምህርት ቤት ይማራል፤ ድንቄ ገበያ ስታገኘኝ እጁን ይዛ ታስጨብጠኛለች፤ እሱ ያፍራል፣ እኔ ጭንቅላቱን አሻሸዋለሁ። እግዜር ይስጣት፣ ሴቷ ልትይዘው ይገባ የነበረውን ባዶ እጇን ማየት እንደማይሆንልኝ ስለምታውቅ ነጠላዋ ውስጥ ትደብቀዋለች። በሥራ ዘመኔ ማንን ታመሰግናለህ ብትሉኝ ብዙ ነው። ጓንት የቆጠረብኝን የባኮ አለቃ፣ ድንጋይ አስነሥቶ የደረሰልንን ሾፌር፣ ሌሊትና ቀን ሳይል ስልክ ያነሣውን ዶክተር ናኦልን፣ ከሁሉም በላይ ቶለሺን። ከእሷ በኋላ ለወላጅ «አላውቅም» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ምላሴ ተንቀጥቅጧል። ነገር ግን በዚያ ቃል አንድም ሰው አልሸሸኝም። ኦቦ ለሚን ደግሞ የማመሰግነው ልጁን ደረቱ ላይ እንደያዘ ስለጠየቀን ጥያቄ ነው።

ልጁ መጥባት በጀመረ ሰሞን ነው። «ሲስተር» አላት፤ «ለጊንጪዎቹና ለባኮዎቹስ ነግራችኋል?»

እኔና ቶለሺ ተያየን። አልነገርንም። ትዝም አላለን።

«ልጁ በምን እንደሞተ ያልተነገረው ሰው የሚከሰው አያጣም» አለ። «እኔ ራሴን አገኘሁ። እነሱ ማንን እንዳገኙ ማን ያውቃል?»

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብተን ነገርነው። ኮርኒሱን ሲያይ ቆየና «እኔ አልላክኋችሁም» አለ፤ «መኪናው ግን ነዳጅ አለው።» እሱንም አመሰግነዋለሁ።

ጊንጪ ያለው አባት እህል ነጋዴ ነው። ሱቁ በር ላይ ቆመን ቶለሺ ስትነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። ጮኸብን። ሰው ተሰበሰበ። «ልጄን ገድላችሁ ደግሞ ልታወሩልኝ መጣችሁ?» አለ። ቶለሺ «አዎ» ብላ ቆመች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እውነቱን ነው፤ ምን እላለሁ? ጮኾ ሲደክመው ጆንያ ላይ ተቀመጠና «ሚስቴን ልጁን ቡዳ በልቶብሽ ነው እያልኩ ጠበል ለጠበል ሳንከራትታት ነበር» አለ። ውሃ እንኳ አላቀረበልንም። ስንሄድ ግን ሸኘን።

ባኮ ስንደርስ ፀሐዩ በርትቷል። ቤቱ ከበቆሎ ማሳው ዳር ነው። እናትዬዋ ገና ልጅ እግር ናት፤ ስታየን የሆስፒታሉን ሰዎች አውቃ ከተቀመጠችበት ዱካ ሳትነሣ ቀረች። ባሏ ማሳ ወርዷል። ጓሮ በኩል አንዲት ትልቅ ሴት በቆሎ ትፈለፍላለች፤ አማቷ ናት። ሰላም አላለችንም።

ቶለሺ ቁጢጥ ብላ በኦሮምኛ ነገረቻት። ጣሳውን፣ ጥጡን፣ የእኛን እጅ፣ ሁሉንም። ልጅቷ ሰማች። እስከ መጨረሻው ፊቷ ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም። ያልገባት መስሎኝ ደግሜ ላስረዳ አፌን ስከፍት ቶለሺ በዓይኗ ከለከለችኝ።

«ፀሐይ አይደለም የመታው?» አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

«አይደለም።»

«ወደ እናንተ ሳመጣው ከመኪናው ወርጄ በጠራራው ተሸክሜው ስለሄድኩ አይደለም?»

«አይደለም። አንቺ ምንም አላደረግሽውም።»

ልጅቷ ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። ወደ ጓሮ ሄዳ አማቷን በእጇ ይዛ እየመራች አመጣቻት። ሴትዮዋ እጇን ልታስለቅቅ ሞከረች፤ ልጅቷ አለቀቀቻትም። እኛ ፊት ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻትና ቶለሺን እንዲህ አለቻት።

«ከዚያ ወዲህ ከእጄ ውሃ ተቀብላኝ አታውቅም። አሁን የነገርሽኝን ለእሷም ንገሪያት።»

ቶለሺም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት።